ምዕራፍ ሰባት፦ ሰሌዳው ይተኛ፣ መጋዙ ይሂድ

አንድ ፍሬ ኤምዲኤፍ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ22 ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከጎንደር በአይሱዙ ተጭኖ፣ ኮሶዬን አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ሁለት ሰው ያወርደዋል፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁም ሣጥን ልሥራ ብሎ የገዛው ሰው ያለው ክፍል ሦስት በአራት ነው፤ ግማሹን ደግሞ አልጋው ይዞታል። እንጨት ቤት ወስዶ በትልቁ የጠረጴዛ መጋዝ ላስቆርጠው ቢል ወረፋ ይጠብቃል። ተራው ደርሶም፣ አንዱ ልጅ ከፊት ሲገፋ ሌላው ከኋላ ሲቀበል ሰሌዳው መሐል ላይ ትንሽ ከዞረ ቀጥታው ጠፋ ማለት ነው። ጥመቱ የሚታወቀው ግን እዚያ አይደለም፤ ቤት ተገብቶ፣ በሩ አልገጥም ሲል ነው።

የጠረጴዛ መጋዝ አንድ ቦታ የቆመ ነው፤ እንጨቱ ወደ እሱ ይሄዳል። የሐዲድ መጋዝ ይህን ይገለብጠዋል። ሰሌዳው ይተኛል፣ መጋዙ ይሄድበታል። ሰፊ ክፍልም ረዳትም ለሌለው፣ ግቢው ውስጥ ግን አራት ሜትር ሜዳ ለማያጣ ሰው የሚሆን መሣሪያ ነው። ሻጮች ትራክ ሶው ይሉታል።

አሠራሩ አያደናግርም። ወርዱ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ሐዲድ አለ። በጀርባው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ጉብታ አለው፤ የመጋዙ ሆድ ላይ ያለው ቦይ እዚያ ጉብታ ላይ ሲቀመጥ መጋዙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን አይላወስም። ከሐዲዱ ሥር የተለጠፉት ለስላሳ ጥብጣቦች ሰሌዳውን ቆንጠጥ አድርገው ስለሚይዙ፣ ንጹሕ ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ክላምፕ እንኳ አያስፈልግም። በሚቆረጥበት ዳር በኩል ደግሞ ቀጭን የጎማ ከንፈር አለ። ከንፈሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ትርፍ አለው፤ መጋዙ መጀመሪያ ሲሄድበት ትርፉን ራሱ ይከረክመዋል። ከዚያ ወዲያ የጎማው ዳር ማለት ጥርሱ የሚያልፍበት መስመር ማለት ነው። የእርሳሱ ጭረት ላይ ጎማውን አሳርፎ መግፋት ብቻ ይቀራል፤ መደመርና መቀነስ የለም። በዚያ ላይ ጎማው የእንጨቱን ፊት ተጭኖ ስለሚይዝ፣ ጥርሱ ወደ ላይ ሲወጣ ሽፋኑን አይፈነቅለውም።

ዲስኩ በቦዘነበት ጊዜ ሽፋኑ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። መጋዙን ወደ ታች ሲጫኑት ብቅ ይላል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ስለዚህ ሰሌዳው መሐል ላይ ጀምሮ መሐል ላይ ማቆም ይቻላል፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ማስገቢያ የሚከፈተው እንደዚህ ነው።

ሐዲዱን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ዛሬ መሣሪያዎቹን ፌስቶል በሚል ስም የሚሸጠው የጀርመን ድርጅት ነው። አሁን ማኪታ፣ ቦሽ፣ ዲዎልትና ማፌል ሁሉም የየራሳቸው አላቸው፤ ርካሽ የቻይና ሥሪቶችም ሞልተዋል። ገዢው ታዲያ ሱቅ ገብቶ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ሞተሩ ነው፦ ስንት ዋት ነው? እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ባደርገው እመርጣለሁ። ባለ 1,200 ዋቱም ባለ 1,400 ዋቱም 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሳያቃስት ይቆርጣል። ጠማማ ሐዲድ ላይ የተቀመጠ ብርቱ ሞተር ግን ጠማማውን በፍጥነት ከመቁረጥ በቀር ሌላ የሚሠራው የለም። ገንዘብ ካነሰ የሚቀነሰው ከሞተሩ ላይ ነው፤ ከሐዲዱና ከዲስኩ አይቀነስም።

ሐዲድ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ሻጩን ማመን አያስፈልግም። ንጹሕ ሰሌዳ ላይ አስቀምጠው ዳሩን ይዘው በሹል እርሳስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስምሩ። ከዚያ ሐዲዱን አዙረው፣ የግራው ጫፍ ቀኝ እንዲሆን አድርገው፣ ያንኑ ዳር ከሌላው ወገን ወደ ጭረቱ አስጠግተው እንደገና ያስምሩ። ሐዲዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ ጭረቶች አንድ ይሆናሉ። ጎበጥ ያለ ከሆነ መሐል ላይ ይራራቃሉ ወይም ይሻገራሉ። የሚታየው ክፍተት የጥመቱ እጥፍ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከታየ ሐዲዱ መሐል ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጎብጧል። ይህን ሱቁ ውስጥ ሆኖ ማድረግ ነውር የለውም።

ርዝመቱ ሌላው ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ከመጋዙ ጋር የሚመጣው ባለ 1 ሜትር ከ40 ነው። የሰሌዳው ወርድ 1 ሜትር ከ22 ሆኖ ሳለ ሐዲዱ ለምን ተረፈ የሚል ይኖራል፤ ትርፉ መጋዙ ጥርሱ እንጨቱን ሳይነካ ተመቻችቶ ሊቀመጥበት የሚገባው ቦታ ነው፣ መውጫም ላይ እንደዚያው። በቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ለመሰንጠቅ ግን ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ያስፈልጋል። ሁለት አጭር ሐዲዶች በማያያዣ ይገጣጠማሉ፤ መገጣጠሚያው ላይ ግን ጥመት መደበቂያ ያገኛል። በደረቁ ከማጥበቅ ይልቅ ረጅም ቀጥ ያለ ነገር ዳራቸው ላይ አስደግፎ ማጥበቅ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ረጅም ቀጥ ያለ ነገር ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ አለ፦ የለሳኝ ስታጃ። ስታጃ ቀላል ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለትና ሦስት ሜትር ይረዝማል። እንዲያውም የሐዲድ መጋዝ መግዛት ለማይችል ሰው መጀመሪያ የምመክረው ተራ የእጅ ዲስክ መጋዝና አንድ ስታጃ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዋጋ ጽፌ አንባቢን አላሳስትም፤ ተራው ዲስክ መጋዝ ግን ከሐዲድ መጋዝ ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያወጣው። ስታጃውን በሁለት ክላምፕ አስሮ የመጋዙን ጎን እሱ ላይ አስደግፎ መግፋት ነው። የሚያሰለቸው ከጭረቱ እስከ ስታጃው ያለውን ርቀት በየጊዜው መለካቱ ነው።

እሱንም የሚያስቀር ዘዴ አለ። 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ይወሰዳል። በላዩ ላይ ከኤምዲኤፍ የተቆረጠ 8 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጥብጣብ በኮላና በብሎን ይያዛል፤ መጋዙ የሚደገፍበት ወገን የሰሌዳው የፋብሪካ ዳር መሆን አለበት፣ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነውና። ኮላው ሲደርቅ መጋዙ ጎኑን ጥብጣቡ ላይ ደግፎ አንድ ጊዜ ይሄድበታል፤ ከኮምፔርሳቶው የተረፈውን ይቆርጠዋል። የቀረው ዳር ልክ እንደ ፋብሪካው የጎማ ከንፈር ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዳሩን ጭረቱ ላይ አሳርፎ፣ በክላምፕ አስሮ መቁረጥ ብቻ ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው፦ ከመጋዙ ጥልቀት 9 ሚሊ ሜትር ይበላል፣ ክረምት ላይ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ሊጎብጥ ይችላል። በዚህ ዓይነት ሐዲድ ሙሉ የወጥ ቤት ካቢኔት ሠርቶ መጨረስ ይቻላል።

የሐዲድ መጋዙን መግዛት አልችልም ያላለው ይቀጥል። በኢትዮጵያ ሶኬት የሚያልፈው 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው መጋዝ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ስፒናውን ቀይሮ የሰካው ሰው ሞተሩን በዚያው ቅጽበት ይሰናበተዋል። ትራንስፎርመር ይኖራል፣ ግን 1,300 ዋት የሚስብ መጋዝ ሊሸከም የሚችለው ትራንስፎርመር ከመጋዙ ይልቅ ይከብዳል። ከእንግሊዝ የሚመጣውም ቢሆን ያለ ጥያቄ አይታለፍም፤ እዚያ ለግንባታ ሥራ የሚሸጡ በ110 ቮልት የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ስፒናቸው ወፍራምና ቢጫ ነው። ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከዱባይ የመጣው በቮልቱ በኩል እንዳለ ይሠራል። ለዘመድ ከመደወል በፊት የሚላከው መልእክት እንግዲህ አጭር ነው፦ “ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።” ሐዲዱ ደግሞ ሻንጣ አይገባም፤ በሁለት ቁራጭ የሚመጣውን መጠየቅ ነው።

ባለ ባትሪው መብራት በሚጠፋበት አገር ያጓጓል። ማኪታ ሁለት ባለ 18 ቮልት ባትሪ ጎን ለጎን የሚገባበት መጋዝ አለው፤ እየተቆራረጠ ለሚሠራ የቤት ሥራ ይበቃል። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ነው፤ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ወሰኑ 100 ነውና። ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ግን አይገባም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ በሚያወርድበት አምባ ጊዮርጊስ ባለችበት በወገራ ደጋ ላይ ደግሞ ባትሪውን በረንዳ ላይ አሳድሮ ጠዋት ቀዝቃዛውን መሰካት ያበላሸዋል፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል አይሞላም። ቤት ውስጥ ይደር።

ከፍታው ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ፣ የመመሪያ መጽሐፎቹ ብዙም የማይናገሩት። አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩ ማራገቢያ በሳሳ አየር ያን ያህል አያበርድም። ረጅም ባሕር ዛፍ ከሰነጠቁ በኋላ መጋዙን ሳያጠፉ፣ ዲስኩን ከእንጨቱ አውጥተው ለግማሽ ደቂቃ ባዶውን ማዞር ያሳርፈዋል። የቤንዚን ጄኔሬተርም እንደዚሁ ነው፦ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚቀንስ፣ 2,000 ዋት ተብሎ የተሸጠው እዚህ 1,400 ቢሰጥ ነው። መጋዙ ሲነሣ የሚስበው ደግሞ ከተጻፈበት በላይ ነው፤ በዝግታ የሚነሣ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በመብራት ለሚሠራ ደግሞ ከሁሉም በላይ የጎረቤትን የምጣድ ሰዓት መሸሽ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ምጣዱ በሰፈሩ ሁሉ በሚሞቅበት ሰዓት የመጋዙ ድምፅ ሲወፍር ይሰማል። ቀጭን ሽቦ ያለው ዲቫይደር ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል፤ ወፍራም ገመድ ይግዙ፣ ተጠቅልሎ እንዳለም አይጠቀሙበት፣ ይግላልና።

ማርክ መምረጥ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ። ከዲስኩ በስተ ኋላ የምትቆም፣ የተቆረጠው ስንጥቅ እንዳይዘጋ የምትከላከል ቀጭን ብረት አለች። የፌስቶሉ ቲኤስ 55 አለው፤ የማኪታው ኤስፒ 6000 የለውም። ኤምዲኤፍ ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ልዩነት አይደለም። ማኪታው ጥሩ መጋዝ ነው፤ ዲስኩ 165 ሚሊ ሜትር ሆኖ 56 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፣ ሐዲዱም ከፌስቶሉ ጋር ይለዋወጣል፤ የዲዎልት ሐዲድ ግን ለብቻው ነው። ጣውላ ለሚሰነጥቅ፣ በተለይም ባሕር ዛፍ፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውጫዊው አካሉ ተወጥሮ፣ እምብርቱ ተጨምቆ ነው የሚያድገው። ያ ኃይል ሲሰነጠቅ ይፈታል፦ ጣውላው ወይ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ወይም ወደ ውስጥ ተጨምቆ ዲስኩን ይነክሰዋል። ዲስክ በተነከሰ ጊዜ የሚሽከረከረው ጉልበት መጋዙን ከሐዲዱ ላይ ወደ ያዘው ሰው ይወረውረዋል። እርጥብ ጣውላ ሲሆን ይብሳል። ብረቷ የሌላቸው መጋዞች ባለቤቶች መጋዙ አንድ ክንድ ያህል ከሄደ በኋላ አጥፍተው፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ሰክተው ይቀጥሉ። ሁሉንም ጥልቀት በአንድ ጊዜ አለመሞከርም ይረዳል፤ ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በሁለት ዙር ይቆረጥ። ለዚህ ሥራ ጥርሱ ብዙ የሆነው ዲስክ አይሆንም፤ ከ12 እስከ 18 ጥርስ ያለው፣ ሰጋቱራውን የሚያወጣበት ሰፊ ጉሮሮ ያለው ይፈለጋል። ባለ 48 ጥርሱ ለኤምዲኤፍና ለኮምፔርሳቶ ነው።

አሁን ግቢ ውስጥ እንግባ። ለመጻሕፍት መደርደሪያ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ነጭ ሽፋን ያለው ኤምዲኤፍ አለ እንበል። ከ1 ሜትር ከ22 ወርዱ አራት መደርደሪያ ማውጣት ተፈልጓል። 122ን ለ4 አካፍሎ 30 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል የሚል ሰው፣ አራተኛው ቁራጭ ላይ ያፍራል። ዲስኩ በየቁርጡ 2.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፤ ሦስት ቁርጥ 6.6 ነው፤ አራተኛው 29 ሳንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይቀራል። አራቱም 30 ይሁኑ ቢባል ግን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይተርፋል፤ በዚያ ትርፍ በጉዞ የተላጠውን ዳር መከርከም ይቻላል።

ሰሌዳው ከመቆረጡ በፊት ማዕዘኑ ይፈተሽ። ሁለቱ ሰያፎች ይለካሉ፤ ትክክለኛ ከሆነ ሁለቱም 2 ሜትር ከ72.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነው ይመጣሉ። ሐዲድ ቀጥ ያደርጋል እንጂ ማዕዘን አያውቅም፤ ጠማማ ጭረት ላይ ካስቀመጡት ቀጥ ያለ ስሕተት ይሰጥዎታል። ለረጅም ቁርጥ ስኳድራ አይበቃም። ከዳሩ በሁለቱም ጫፍ በሜትር ለክቶ ማሰመር ይሻላል፤ ወርዱን ለመቁረጥ ደግሞ የ60፣ የ80 እና የ100 ሳንቲ ሜትሩ ሦስት ማዕዘን አያሳስትም።

ሞራሌዎች የመቁረጫውን መስመር አቋርጠው መሬት ላይ ይደረደራሉ፤ ሰሌዳው ጥሩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛባቸዋል። (በተራ ዲስክ መጋዝ ቢሆን ጥሩው ፊት ወደ ታች ነበር የሚሆነው፤ ጥርሱ ወደ ላይ ሲወጣ የሚፈነቅለው የላዩን ፊት ነውና።) ሐዲዱ በሚፈለገው ቁራጭ ላይ ይቀመጣል፤ ተራፊው ከጎማው ውጭ ነው። ጎማው የሚጠብቀው ከሥሩ ያለውን ፊት ብቻ ስለሆነ፣ ተራፊውም የሚፈለግ ከሆነ መስመሩ ላይ ስኮች ይለጠፍ። ጥልቀቱ የሰሌዳውን ውፍረት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለፍ፤ ሞራሌዎቹ ይጫራሉ እንጂ አይቆረጡም። የአንዳንዱ መጋዝ መለኪያ የሐዲዱን ውፍረት ቀድሞ አስቦለታል፣ የሌላው አላሰበም፤ በቁራጭ ላይ ሞክሮ ማየት ነው።

ሽፋን ላለው ሰሌዳ መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ጠልቆ ሙሉውን መስመር መሄድ፣ ከዚያ ተመልሶ ሙሉውን መቁረጥ። ሲገፉ ከመጋዙ ኋላ በቀጥታ አይቁሙ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁኑ። ገመዱ ከሐዲዱ ጫፍ ጋር ከተያያዘ መጋዙ መሐል ላይ ይቆማል፣ ቁርጡም ላይ የተቃጠለ ነጥብ ይተዋል፤ ገመዱን ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ድምፁ አንድ ወጥ ሆኖ ከሄደ ፍጥነቱ ልክ ነው። ጭስ ከሸተተ ወይ አዝግመዋል ወይ ዲስኩ ደንዝዟል።

ብናኙ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ ኤምዲኤፍን የሚያያይዘው ሙጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ አለበት። መምጠጫ ማሽን ያለው ይሰካ፤ የሌለው ውጭ ይቁረጥ፣ ነፋሱን ጀርባው ላይ አድርጎ፣ በኮሮና ጊዜ የለመድነውን ወፍራም ጭምብል አጥልቆ። ነጠላ በአፍንጫ ላይ መጠምጠም ለኤምዲኤፍ ብናኝ ምንም አይፈይድም፤ መጋዝ አጠገብም ነጠላ፣ ሻሽና ሰፊ እጅጌ አይቀርቡም። ልጆች ከግቢ ይውጡ። ዲስክ ሲቀየር ባትሪው ይውጣ፣ ስፒናው ይነቀል፤ ጣቱን የተቆረጠ ሰው ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እስኪደርስ መንገዱ ያሳስባል።

ሐዲዱ ሲቀመጥ ግድግዳ ላይ በጫፉ ቀዳዳ ይንጠልጠል፤ ጥግ ላይ ተደግፎ ከከረመ ይጎብጣል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከማዳበሪያ ከረጢት ሥር የተጓዘ ሐዲድ ከላይ በተነገረው የሁለት ጭረት ዘዴ ሳይፈተሽ አይሠራበትም። ጎማው ሲበላ ወይም ዲስኩ በሌላ ውፍረት ሲቀየር ጎማው አዲስ ይለጠፋል፣ እንደገናም ይከረከማል። ዲስኩ ላይ የሚጣበቀው የባሕር ዛፍ ሙጫ፣ ዲስኩ ላምባ ውስጥ ተነክሮ በጥርስ ብሩሽ ሲታሽ ይለቃል፤ ደነዘዘ የተባለው ዲስክ ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ዲስክ ነው። በእርግጥ ከደነዘዘም በሞረድ አይሳልም፣ ጥርሱ ላይ የተበየደው ካርባይድ ከሞረዱ ይጠነክራልና፤ የአልማዝ ድንጋይ ያለው ማሽን ይፈልጋል። ያ ማሽን በቅርብ ለማያገኝ ሰው መጋዙን በሚገዛበት ቀን ሁለተኛ ዲስክ አብሮ መግዛት ነው፤ ቀዳዳውን ለክቶ፣ ብዙዎቹ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ናቸው።